ዶን ኤልቪዮ ቤት የቀሩበት ቅዳሜ

ኑዌቫ አውሮራ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ያደገበትን ቀን ኦስማርን የምትጠይቁት ጊዜ ካላችሁ ብቻ ነው። የምትጠጡት የማቴ ሻይ ቀዝቅዞም ወሬው አያልቅም። ኳሷ ከግራ ስትሻማ፣ አጥቂው ከሁለት ተከላካዮች መሃል ብቅ ሲል፣ መረቡ ሲርገበገብ፣ ሁሉንም በእጁና በትከሻው እየተወነ ያሳያችኋል። ዕድሜ ልኩን ከታች ሲዳክር የኖረ የቄራ ሠራተኞች ክለብ ነውና ማን ይፈርድበታል? የዚያን ቀን አባትህ የት ነበሩ ብሎ የጠየቀው ካለ ግን ወሬውን ቶሎ ይቋጨዋል።

ቡድኑን ያወረሱት አባቱ ናቸው። ዶን ኤልቪዮ ሳምንቱን ሙሉ በቄራው ሥጋ ሲበልቱ ሰንብተው ቅዳሜ ሲደርስ ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከጎሉ ጀርባ ካለው የእንጨት ደረጃ ላይ ይቆሙ ነበር። ኳስ ብቻ አላስተማሩትም፤ ገድም አስተምረውታል። ቡድኑ ያሸነፈ ቀን ያደረግከው ካልሲ ቡድኑ እስኪሸነፍ አይታጠብም። የቆምክበት ደረጃ አይለቀቅም። አንድ ጊዜማ የሚስታቸው ወንድም በመጣ ቁጥር ቡድኑ ስለሚሸነፍ ሰውዬውን ከስታዲየሙ በር መልሰውታል። እሱም አኩርፎ እስከ ገና ደጃቸውን አልረገጠም። በዚያ ከተማ ገደ ቢስ ከመባል ሌባ መባል ይሻላል።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ቡድኑ ለማደግ ሦስት ጨዋታ ሲቀረው ዶን ኤልቪዮን ክፉ ጉንፋን ጣላቸው። ትኩሳቱ አናታቸው ላይ ወጥቶ ሲቃዡ ቡድኑ አሸነፈ። በሚቀጥለውም ሳምንት ገና አልጋ ላይ ነበሩ፤ ያውም ከሜዳው ውጭ ደግሞ አሸነፈ። ለመጨረሻው ጨዋታ ዳኑ። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ጢማቸውን ተላጭተው፣ የነተበች ማሊያቸውን ለብሰው በር ላይ ወንበር አውጥተው ልጃቸውን ይጠብቁ ጀመር።

ኦስማር ግን ነገሩን ከጓደኞቹ ጋር ሲመክርበት ሰንብቷል። ሽማግሌው አልጋ ላይ ሲሆኑ እናሸንፋለን፣ የሠመረን ነገር ማን ይነካል ተባብለዋል። እውነቱን ለመናገር እሱንም ለማሳመን ብዙ አልደከሙም።

"አባዬ፣" አለ ዓይናቸውን ማየት እያቃተው፣ "ሁለቱንም ያሸነፍነው አንተ ተኝተህ ነው።"

ዶን ኤልቪዮ ቁጡ ሰው ነበሩ። ኦስማር ስድቡን ጠበቀ። ቢሰድቡት ኖሮ ልቡ ይራራ ነበር፤ እጃቸውንም ይዞ ይሄድ ነበር። እሳቸው ግን ማሊያቸውን በአናታቸው ስበው አወለቁ።

"በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት በለኛ፣" አሉ። "ልክ ነህ፣ ገድ አይነካም። በል ቶሎ ሂድ፣ ቦታችንን እንዳይይዙብን።"

ጎሉ የገባው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው። ኦስማር በሕይወቱ እንደዚያ ተደስቶ አያውቅም፤ ይህን ዛሬም አይክድም። ጮኾ ጮኾ ሊያቅፍ ወደ ግራው ዞረ፤ ሁልጊዜ አባቱ በሚቆሙበት በኩል። አንድ የማያውቀው ወፍራም ሰውዬ ቆሞ ያለቅሳል። እሱን አቀፈ።

ሲመሽ ቤት ገባ። አባቱ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ "ከመጀመሪያው ጀምር፣ አንዲት ነገር እንዳታስቀር" አሉት። በተዘጋ ድምፁ ነገራቸው። ደግመው ጠየቁት፤ ደገመላቸው። ይስቃሉ፣ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ኦስማር ሬዲዮ ላይ የሰሙትን ከልጅ አፍ መስማት ጣፍጧቸው መሰለው። የሚመጣው ዓመት ሲጀመር አንድ ጨዋታ እንኳ እንዳያመልጣቸው በልቡ ማለ። ዶን ኤልቪዮ ግን ያ ዓመት ሳይጀመር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልባቸው ቀጥ አለ።

ከቀብር መልስ ኦስማር ወጥ ቤት ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። አባዬ ስታዲየም ባይገባም በሬዲዮ መስማቱ ትልቅ ነገር ነው አላቸው።

ዶኛ ኔሊዳ ቀና አሉ። "የምን ሬዲዮ?"

"የዚያን ቅዳሜ ነዋ።"

"ልጄ፣ ሬዲዮ ማን ከፈተ? አንተ ከበሩ እንደወጣህ አልጋው ላይ ወጣ። በዚያ ሐሩር የሱፍ ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ሳበ፤ መስኮቱን ዝጊ አለኝ። ስታመም ሬዲዮ አልሰማሁም፣ አሁንም አልሰማም አለ። ላቡ ፍራሹን አርሶት ነበር። ሰፈሩ በጩኸት ሲናጋ እኔ ወጥቼ ጠየቅኩና ልነግረው ስሮጥ መጣሁ። ትራሱን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ 'አትንገሪኝ ኔሊዳ፣ ኦስማር ይንገረኝ' አለኝ።"

ኦስማር ጎሉን ዛሬም ለጠየቀው ሁሉ ያወራል። እሱ ብቻ የሚያውቀው፣ ለኑዌቫ አውሮራ ደጋፊ የማይነገር አንድ ነገር ግን አለው፤ ያ ጠዋት ቢመለስለት አባቱን ይዞ ይሄድ ነበር፤ ቡድኑም ከፈለገ ይሸነፍ።