መሬት ያልለቀቀው አውሮፕላን

«ቨርሊን መጣ» አለች የአርሊስ ጎረቤት ማቪስ በመስኮት እያየች። «ድስት ይዟል።»

አርሊስ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። ባሏ ኦሪን ከሞተ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጎረቤት ጋግሮ ባመጣው የድንችና የሥጋ ምግብ ተሞልቷል፤ በእኛ የዊስኮንሲን ገጠር ሰው ሲሞት ሐዘናችንን የምንናገረው በምድጃ ነው።

«የሱን ለውሻ ነው የምገለብጠው» አለች።

«ተይ እንጂ አንቺዬ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ።»

ቨርሊን ዕድሜውን ሙሉ በአውሮፕላን የእርሻ መድኃኒት ሲረጭ የኖረ ሰው ነው። በአካባቢያችን እንደሱ የሚያበር የለም፤ ይህንን ከማንም በላይ የሚያውቀው ደግሞ ራሱ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ገባ፣ ድስቱን ለማቪስ ሰጠና አጎንብሶ የአርሊስን እጅ ያዘ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔም ወንድሜን ነው ያጣሁት።»

«ደግሞ መቼ ነው ወንድምህ የሆነው?»

ልጇ ኪርክ ከበሩ ጋ ሆኖ «እማዬ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ቨርሊን ፈገግ ለማለት ሞክሮ አቃተው። ቡናውን ቆሞ ጠጣና ሄደ።

«ምን አደረገሽ?» አለ ኪርክ በሩ እንደተዘጋ። «አባዬን የገደለው ልቡ ነው። ቨርሊን ያኔ ዝም ቢል ኖሮ ሰማይ ላይ ነበር የሚሞተው። ትክክል ነበረ እኮ።»

«ትክክል ነበረ» አለች አርሊስ። «ትክክለኛ ሰው ታዲያ ፊት ለፊት ይናገራል። የኔን ጥብስ በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ሄዶ ከጀርባ አይወጋም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦሪን የወተት መኪና ሾፌር ነበር። አያቱ በልጅነቱ የነገሩትን፣ ጣሪያ የሌለውን፣ ክንፉ ከላይና ከታች ድርብ የሆነውን የድሮ አውሮፕላን ልክ እንደጥንቱ አድርጎ በገዛ ጎተራው ውስጥ ሠራ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሙጫው እንዲደርቅ ምድጃ እያነደደ የክንፉን አጥንቶች አንድ በአንድ ከቀጭን እንጨት ያገጣጥማል። እንጨቱ ሲያልቅ ተራው የአርሊስ ሆነ። ክንፉን አቁመው ሸራ አለበሱት፤ ከዚያ እሷ በአንድ ወገን፣ እሱ በሌላው ወገን ወንበር ይዘው ተቀመጡ። እሷ ረጅሙን መርፌ በሸራው ታሾልካለች፣ እሱ ከወዲያ ተቀብሎ ይመልስላታል፣ ከዚያ ሰም የተቀባውን ሲባጎ ትቋጥራለች። እንዲያ እያሉ ሸራው በሙሉ ከአጥንቶቹ ጋር ተሰፋ። አንዳንድ ቀን ተጣልተው ቃል ሳይለዋወጡ ይውላሉ፤ መርፌው ግን ይመላለስ ነበር።

አውሮፕላኑ ባለቀበት ሳምንት ቨርሊን እራት ተጋበዘ። ኦሪን ደስታው ልቡን ከፍቶት ኖሮ ምስጢሩን አወጣው። ጎተራ ውስጥ ራሱን ስቶ ወድቆ እንደነበር፣ ምናልባት ምሳ ባለመብላቱ ሊሆን እንደሚችል ነገረው። ቨርሊን «አይዞህ» አለው። በማግስቱ አብራሪዎችን ለሚመረምረው ሐኪም ስልክ ደወለ። የኦሪን የማብረር ፈቃድ ታገደ። ኦሪን ማን እንደነገረበት ያወቀው ከራሱ ከሐኪሙ አፍ ነው።

ቨርሊንማ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። «ለራስህ ብዬ ነው። ግድ የለህም፣ አውሮፕላኑን እኔ አነሳልሃለሁ» አለ።

«የሠራው ነው መጀመሪያ የሚያነሳው» አለው ኦሪን፤ በሩንም ዘጋበት።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አውሮፕላኑን ከጎተራ ያወጣል። አርሊስ ትገፋለች፣ እሱ ይጎትታል። ሞተሩን አስነስቶ ሣሩ ላይ ይነዳዋል፤ ፍጥነቱ ጨምሮ ጭራው ከመሬት ብድግ ሲል ነዳጁን ይቀንስና እስከ አጥሩ ሄዶ ይመለሳል። አንድ ቀን አርሊስ «ለምን አታነሳውም? ማን ያይሃል?» አለችው።

«ብወድቅ ቨርሊን ልክ ነበረ ይላሉ» አላት። «ይህንንማ አላደርግላቸውም።»

አርብ ዕለት የኦሪን የስንብት ጸሎት አልቆ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው አዳራሽ ምሳ ስንበላ፣ ቨርሊን የቡና ስኒውን በማንኪያ መታ መታ አድርጎ ተነሳ።

«ነገ ኦሪንን ስንቀብር» አለ፣ «የሱን አውሮፕላን በመቃብሩ ላይ አበርራለሁ። ጓደኛዬ እጁ የሠራውን ሰማይ ላይ ሳናይለት አይሄድም።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ፓስተሩ ዓይናቸውን ጠረጉ። ኪርክ እናቱን አቅፎ «እንዴት ጥሩ ነገር ነው እማዬ» አላት። አርሊስ ሹካዋን አስቀመጠች። ባሏ ከልክሎት የሞተውን ነገር ሰውዬው በጭብጨባ ሊወስደው ነው፤ እንቢ ብትል ደግሞ ክፉዋ እሷ ልትሆን ነው። እዚህ አገር በለቅሶ ምሳ ላይ እንቢ ያለች ሴት ስሟ እስከ ልጅ ልጅ ይነሳል።

«ጠዋት ና» አለችው።

ማቪስ ጠጋ ብላ «ምን አስበሻል?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ምንም። ኬኩን አቀብይኝ።»

ጠዋት ሣሩ ገና እርጥብ ነበር። ግማሹ ሰው መቃብሩ ጋ ሄዷል፤ የቀረነው በጎተራው በር ቆመናል። ቨርሊን የቆዳ ቆብ አጥልቆ፣ ነጭ ሻርፕ ጠምጥሞ መጣ። አሥሬ ብንጠላው እንኳ ሥራውን ያውቃል። ክንፎቹን ያያያዙትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ጎተተ፣ ማጠፊያዎቹን ነካካ፣ ከነዳጁ በብርጭቆ ቀድቶ ውሃ እንደሌለው አየ። የታችኛውን ክንፍ በመዳፉ ዳበሰና «ስፌትሽ ያምራል አርሊስ» አላት።

«አመሰግናለሁ።»

አብራሪው የሚቀመጠው ከኋላ ነው፤ የፊተኛው ወንበር የእንግዳ ነው። ኦሪን ያንን ለሚስቱ ብሎ ነበር የሠራው። ቨርሊን ከኋላ ገባ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ መነጽሩን አወረደ። ኪርክ ፕሮፔለሩን በእጁ አሽከረከረለት፤ ሞተሩ ሁለቴ አስነጥሶ ተነሳ። ቨርሊን አውራ ጣቱን ወደ እኛ አነሳና እስኪሞቅ ድረስ ጠበቀ።

አርሊስ ያኔ ነው የተንቀሳቀሰችው። የሚሽከረከር ፕሮፔለር ባለበት ልምድ ያለው ሰው እንደሚያደርገው ዞራ ከኋላ መጣች። ከኮቷ ኪስ የሸራ መቁረጫዋን ቢላ አወጣች። ከቨርሊን ክንድ በታች ያለውን ክንፍ፣ ከጠርዙ ጀምራ እጇ እስከደረሰበት ድረስ ቀደደችው። ከዚያ ከጎኑ ደገመችው። ሸራው በንፋሱ እየተርገበገበ አጥንቱ ታየ። ቨርሊን ይጮኻል፣ ምን እንደሚል ግን ማንም አልሰማም።

ሞተሩን አጠፋው።

«አብደሻል?» አለ ቨርሊን።

«አላበድኩም» አለች አርሊስ። «አራት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳይነሳ ነው የተመለሰው። አንተ ደግሞ አንድ ጠዋት ሞክረው። እስኪ እንዴት ነው? ሰው እያየህ ነው።»

ቨርሊን መነጽሩን አነሳ። ቀበቶውን ለመፍታት ቢሞክርም አልፈታ አለው፤ ማንም ሊረዳው አልሄደም። አርሊስ ደስ አላት። አልዋሽም፣ ደስታው ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

«አባዬ የሠራውን ቀደድሽው» አለ ኪርክ።

«እንጨቱ የአባትህ ነው። ጨርቁ የኔ ነው።»

ይህን ብላ ቢላውን ኪሷ ከተተች። የሚርገበገበውን ሸራ ለማስተካከል ይመስል እጇን ወደ ቀዳዳው ሰደደች። ክንፉ ከለበሰ ወዲህ ውስጡን የነካው ሰው የለም። ጣቶቿ በአጥንቱ መገጣጠሚያ ላይ የደረቀ ሙጫ አገኙ፤ ሙጫው ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር ነበረ። ኦሪን የተረፈውን ሙጫ በአውራ ጣቱ ጠርጎ ሳይደርቅ ተጭኖት ኖሮ አሻራው ከነመስመሩ ቀርቷል። አርሊስ የራሷን አውራ ጣት አስገባችበት፤ ሰፋት። ደስታው ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«አርሊስ» አለች ማቪስ ቀስ ብላ፣ «መቃብሩ ጋ ሰው እየጠበቀ ነው።»

«እሺ፣ መጣሁ» አለች። እጇን ግን አላወጣችውም።