በካርዱ ጀርባ

ሬዲዮ ጠጋኙ ሲሞት ለሚስቱ የተወላት አንድ ጠረጴዛ ሙሉ የተበታተነ ሬዲዮና አሥራ አራት ካርቶን ሙሉ የማስታወሻ ካርድ ነው። ሬዲዮዎቹን ባለቤቶቻቸው እያጉረመረሙ ወሰዱ። ካርቶኖቹን ግን ማን ይውሰዳቸው? ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንድ ሟች ገጣሚን ዘር ማንዘር ሲያስስ ኖሯል፤ ሬዲዮ ሊጠግን ገብቶ የቤቱን ታሪክ ይዞ ይወጣል። ሚስቱ «ከኔ እህቶች ይልቅ የገጣሚውን አክስቶች ታውቃለህ» እያለች ስትነዘንዘው ኖራ፣ አሁን ካርዶቹን ቤተ መጻሕፍት ሳላስገባ አልሞትም ብላ ቆርጣ ተነሣች።

ቤተ መጻሕፍቱ እሺ ብሏል፤ የቀረው የገጣሚው ቤተሰብ የፈቃድ ፊርማ ነው። ፈራሚው የገጣሚው የወንድም ልጅ፣ መሐንዲሱ፣ ሴትዮዋ ቤት መጥቶ ካርዶቹን ሲያነብ ቆየና አንዷ ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ።

«እማማ፣ ይቺን ያውጡልኝና አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

ካርዷ የገጣሚው እናት የሆስፒታል አንሶላ እያጠበች ሁለት ወንዶች ልጆቿን እንዳስተማረች ትናገራለች።

«ምኗ ከፋህ ልጄ?»

«አያቴ የሀብታም ነጋዴ ልጅ ነበረች። ስለ አጎቴ የተጻፈው መጽሐፍ ሁሉ የሚለው እንደዚያ ነው። ይሄ የሰፈር ወሬ ነው።»

የሴትዮዋ ደም ፈላ። ባሏ በብዙ ነገር ይታማል፤ በቀጠሮው ቀን ያስረከበው ሬዲዮ የለም። በወሬ ግን አይታማም። የነገሩትን ጽፎ፣ መልሶ አንብቦላቸው፣ ከጀርባው ሳያስፈርም ከማንም ቤት ወጥቶ አያውቅም። በዚህ የተነሣ ስንት ራት ቀዝቅዞባታል።

«አንዲት ካርድ አትወጣም» አለችው። «ካልፈረምክ አሥራ አራቱም እዚሁ አልጋዬ ሥር ያርጁ።»

«ለአንዲት ካርድ ብለው የሠላሳ ዓመት ልፋቱን ገደል ሊከቱት ነው?»

ይህ አመማት፤ እውነት ነበርና። ግን ንቅንቅ አላለችም። ካርዷን ማን እንደፈረመባት አታውቅም፤ የባሏን ልማድ ግን ታውቃለች።

«ገልብጣትና ከዚያ በኋላ ወሬ ነው በል።»

ገለበጣት። ያንን ጅራቱ የረዘመ ፊርማ ከትምህርት ቤት ሪፖርት ካርዱ ጀምሮ ያውቀዋል። ከበላዩ አባቱ በገዛ እጁ እንዲህ ጽፏል፦ «ተነብቦልኛል፤ ልክ ነው። እናታችን አንሶላ አጥባ ነው ያሳደገችን። ከልጆቼ የጠየቀኝ ስለሌለ ለሬዲዮ ጠጋኙ ነገርኩት።»

መሐንዲሱ ጽሑፉን ደግሞ አነበበው። ሴትዮዋ አዘነችለት፤ ቢሆንም እስክሪብቶውን አስጠጋችለት። ፈረመ።

«የአያቴ እጅ ሁሌ የተሰነጣጠቀ ነበር» አለ ሳይነሣ። «ምን ሆኖ ነው ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።»

ሴትዮዋ ከመሳቢያው ባዶ ካርድ አውጥታ ያለውን ጻፈችበት። ቀስ ብላ መልሳ አነበበችለትና ካርዱን ገለበጠችው።

«እዚህ ጋ ፈርም» አለችው።