ከ«አመሰግናለሁ» በኋላ

ሐኪሞቹ በሽተኛ አይተው ሲጨርሱ ያዩትን በመቅረጫ ይናገራሉ፤ እኛ ምድር ቤት ተቀምጠን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማን እንተይባለን። የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ግን «አመሰግናለሁ» ብሎ ከጨረሰ በኋላ መቅረጫውን ማጥፋት ይረሳል። ኮቴው፣ ሳሉ፣ የበሩ ሲጥሲጥታ ይከተላል። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የክፍላችን አለቃ ገና በገባሁበት ቀን፣ «ጅራቱን ተወው። የሰው ሳል ስትሰማ ልታረጅ ነው?» አሉኝ። ስምንት ወር ሙሉ ተውኩት።

ዛሬ ረፋዱ ላይ የአንዲት እናትን ወረቀት ጨርሼ ወደ ሕሙማን ክፍል ላክሁት። ትእዛዙ ፔኒሲሊን በመርፌ ነው። ከዚያ እንደ ልማዴ በሐሳብ ጭልጥ አልኩ፤ ማዳመጫውን እንኳ ከጆሮዬ አላወረድኩም። ኮቴ። ሳል። ረጅም ዝምታ። ድንገት ሐኪሙ እያለከለከ ወደ መቅረጫው ተመለሰ።

«ጸሐፊው! ፔኒሲሊኑን ሰርዘው። ልጃቸው አሁን ነገረችኝ፤ ድሮ ተወግተው ጉሮሯቸው ተዘግቶ ለትንሽ ነው የተረፉት። በቀይ ጻፈው!»

ሕሙማን ክፍል ደወልኩ፤ ስልኩ ተይዟል። ደገምኩ፤ ተይዟል። ማዳመጫውን ወርውሬ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ። ሦስተኛው ፎቅ ስደርስ ነርሷ መርፌውን ይዛ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላለች።

«ሲስተር! እንዳትወጊ!»

«ምነው? ውሻ አባሮሃል እንዴ?»

«ፔኒሲሊን ነው?»

«አንተው አይደለህ የጻፍከው!»

«ይገድላቸዋል!»

መርፌውን ትሪው ላይ መለሰችው። ሴትዮዋ አንገታቸውን ቀና አድርገው ተራ በተራ አዩን።

«ልጄ፣ ማነው የሚሞተው?»

ከነርሷ ቀይ እስክሪብቶ ተቀብዬ ወረቀቱ ላይ ፔኒሲሊኑን ሰረዝኩት።

ተመልሼ ለእትዬ ነገርኳቸው። ስድብ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው አመድ መስሎ ወንበራቸው ላይ ዝርፍጥ አሉ።

«ጅራቱን ተዉት ብዬ ሁሉንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ።»

ከዚያ ማዳመጫቸውን አጠለቁ። እኔም የትናንቱን ቅጂ ከፈትኩ። «አመሰግናለሁ» አለ ሐኪሙ። ኮቴ ራቀ። በር ተዘጋ። ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ።

በሩ እንደገና ተከፈተ።