የቤተሰብ ብዛት

«እህት ዓለም፣ መጥተዋል!» አለ በስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ እያለከለከ። የቀድሞ ሰፈሯ ፀጉር አስተካካይ ነው። «ከላይኛው መንገድ ነው የጀመሩት። ከምሳ በፊት እናንተ በር ይደርሳሉ።»

«እነማን?»

«የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሰዎች ናቸዋ! ቤት ለማግኘት የተመዘገበውን ሁሉ በየአድራሻው እያጣሩ ነው። ያልተገኘ ሰው ይሰረዛል ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።»

ልብስ ተኳሿ ከሆቴል የመጣ አንሶላ ላይ የተወችውን ካውያ ያነሳችው ጨርቁ መሽተት ሲጀምር ነው። ደግነቱ አልተቃጠለም።

በተመዘገበችበት አድራሻ መኖር ካቆመች አራት ወር ሆኗታል። የግቢው ባለቤት ሸጦ ሄደ፤ ገዢው ደግሞ ሁለት ሳምንት ብቻ ሰጥቶ እሷንና አማቷን አስወጣቸው። ከዚያ ወዲህ ያንኳኳችው የኪራይ ቤት ሁሉ ከአቅሟ በላይ ሆነ። ቤት ለማግኘት የተመዘገበችው ባሏ በሕይወት ሳለ፣ ከአምስት ዓመት በፊት ነበር። መመሪያውን በቃሏ ታውቀዋለች። ወረዳው የሚሠራቸው ቤቶች የሚሰጡት ለወረዳው ነዋሪ ነው፤ ነዋሪ የሚባለውም በተመዘገበበት አድራሻ ሲኖር የተገኘ ነው። አማቷ ይህን የሰሙ ዕለት፣ «ጥርስ ላለው ብቻ ጥርስ የሚተክል ሐኪም አሉ!» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ስቀው ነበር።

አሁን የሚያድሩት እዚሁ በምትሠራበት ላውንደሪ ውስጥ፣ ከማድረቂያው ማሽን ጀርባ ባለችው የሳሙና ማስቀመጫ ክፍል ነው። ይህን የሚያውቅ ማንም የለም። አሥራ አንድ ዓመት ስለሠራች ማታ የምትዘጋውም ጠዋት የምትከፍተውም እሷ ናት። ሌላው ሠራተኛ ሳይገባ ፍራሹን ጠቅልላ ከዱቄት ሳሙናው ኋላ ትወሽቀዋለች። የላውንደሪው ባለቤት አንድ ቀን ማልደው ቢመጡስ? በሩን ነፋስ ሲነካው እንኳ ነፍሷ ልትወጣ ትደርሳለች።

«ጋሼ፣ እማማን አሟቸዋል። ሁለት ሰዓት ብቻ ይፍቀዱልኝ» አለች ወደ ባንኮኒው ሄዳ።

ባለቤቱ የደንበኛ ሸሚዝ ላይ ምልክት እያሰሩ ቀና አሉ። «ሂጂ፣ ሂጂ። እናት ትቀድማለች። ግን አንቺ ራስሽ ያመመሽ ነው የምትመስይው።»

አማቷን ያገኘቻቸው ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ የተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ነው። ላውንደሪው ሥራ ላይ ሲሆን የሚውሉት እዚያ ነው፤ ጤና ጣቢያ የተቀመጠች አሮጊትን ምን ትሠሪያለሽ የሚል የለም። ወረፋ የሚያዘበራርቀውን ይቆጣሉ፤ እናቱ መርፌ የምትወጋውን ሕፃን ያቅፋሉ፤ ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ «እማማ ሻምበል» ይሏቸዋል።

«እማማ፣ ይነሱ። አጣሪዎቹ ሰፈር ገብተዋል።»

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል? ሰው አልገደልሽ!»

«ካላገኙን ይሰርዙናል እኮ።»

«ያገኙናላ። ሃያ ሁለት ዓመት በኖርኩበት በር ብቆም ማን ይከለክለኛል?» አሉ ከዘራቸውን እያነሱ። «ቁልፍ ጠፍቶብን ነው እንላለን።»

«ሰብራችሁ ግቡ ቢሉንስ?»

«እሱን ሲሉ እንሰማለን።»

መንገዱ ሩቅ አልነበረም፤ ለተኳሿ ግን አላልቅ አላት። ወረቀት የያዘ ሰው ባየች ቁጥር እነሱ ናቸው እያለች ትደነግጣለች። ሰፈራቸው ሲደርሱ ፀጉር አስተካካዩ ከሱቁ ሁለት ወንበር አውጥቶ፣ አዲስ ቀለም በተቀባው የብረት በር ፊት አስቀምጦ ጠበቃቸው።

«ተቀመጡ። ፀሐይ ልትሞቁ የወጣችሁ ትመስላላችሁ» አለ በሹክሹክታ።

አጣሪዎቹ ከእነሱ ሁለት በር ወዲያ ቆመዋል። ሁለት ወንዶችና ታብሌት የያዘች ወጣት ሴት ናቸው። «የሉም? የት ሄዱ? መቼ?» የሚለው የሴቲቱ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከዚያም «ይሰረዝ» አለች።

ወጣቷ መጥታ የተኳሿን ስም ከታብሌቱ አነበበች። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«የምትኖሩት እዚህ ነው?»

«ሃያ ሁለት ዓመት!» አሉ አማቷ ቀደም ብለው። ውሸት አልነበረም፤ ያለፈ መሆኑን ብቻ ነው ያላነሱት።

«ጥሩ። ክፈቱልንና የምትኖሩበትን ክፍል ፎቶ እናንሳ።»

«ቁልፉ እኮ...» ብላ ተኳሿ ስትጀምር በሩ ከውስጥ ተከፈተ። አቧራ የለበሰ የቀን ሠራተኛ በእጅ ጋሪ ፍርስራሽ እየገፋ ብቅ አለ።

«እማማ፣ ወንበሩን ዞር ያድርጉልኝ። የድሮዎቹን ክፍሎች እያፈረስን ነው።»

ከሠራተኛው ኋላ ክፍላቸው ጣሪያ አልባ ሆኖ ቆሟል። ባሏ በገዛ እጁ ሰማያዊ የቀባው ግድግዳ ግማሹ መሬት ላይ ነው። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እያየ ወደ ሱቁ ገባ።

ወጣቷ ታብሌቱን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ ሐሰተኛ አድራሻ ማቅረብ ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አለች ተኳሿ። ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት። «ከወጣን አራት ወራችን ነው። ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

ወጣቷ የፈረሰውን ግድግዳ ጥቂት አየችው። ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። «ቤት አልባ ለሆኑ ሰዎች አዲስ ቅጽ ወጥቷል። በወረዳው ቆይቶ ያለጥፋቱ ቤቱን ያጣ ሰው ጊዜያዊ ክፍል ያገኛል። ግን አሁን የት እንደምታድሪ መጻፍ አለብሽ፤ እኛም ደውለን እናረጋግጣለን። ይሄ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው የቤተሰብ ብዛት ነው። እናትሽ ናቸው?»

«አማቴ ናቸው።»

«ባልሽስ?»

«ከሞተ ሦስት ዓመቱ።»

ወጣቷ ከንፈሯን ነከሰች። «በመመሪያው ቤተሰብ የሚባለው ባል፣ ሚስት፣ ልጅና ወላጅ ነው። አማት የሚል የለውም። ብቻሽን ከሆንሽ ለአንድ ሰው የሚሆን ክፍል ከነገ ጀምሮ አለ። እሳቸው ወደ አረጋውያን ማእከል ይላካሉ።»

«የት ነው እሱ?»

«ከከተማ ውጭ ነው። በመኪና ሦስት ሰዓት ያስኬዳል።»

«አብረን ብንሆንስ?»

«ለኮሚቴ ይቀርባል። መቼ እንደሚወስን አላውቅም። ይከለክልም ይሆናል፤ አልዋሽሽም።»

«በይ አንድ ብለሽ ጻፊ!» አሉ አማቷ ለወጣቷ፣ ወረፋ በሚያስከብሩበት ድምፅ። «እኔ ለሷ ዘመድ አይደለሁም። ልጄ የተቀበረ ዕለት ዝምድናችንም አብሮ ተቀብሯል። ጻፊ እንጂ፣ ምን ታፈጫለሽ!»

ድምፃቸው የሻምበል ነው፤ ከዘራውን ግን በሁለት እጃቸው ሙጭጭ አድርገው ይዘውታል። ተኳሿ እኚህን ሴት ፈርተው አይታ አታውቅም። ባሏ ሲሞት እሷ አልጋ ላይ ወድቃ አልነሳ ስትል፣ ልጃቸውን የቀበሩት እሳቸው ናቸው በማንኪያ ያጎረሷት። የገዛ ዘመዶቿ ሐዘኑን ደርሰው በሳምንቱ ተበትነዋል።

ደግሞም ክፍሉ አማራት። ከነገ ጀምሮ የራስ በር፣ ኮሽታ ሳያዳምጡ መተኛት፣ ጠዋት ፍራሽ አለመጠቅለል። ለአንድ አፍታ እጇ «አንድ» ብሎ ሊጽፍ ሲዘረጋ ተሰማት፤ ራሷን ፈራች።

«እማማ፣ ዝም ይበሉ» አለች። አማቷ እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ሰምተው አያውቁም።

ተኳሿ ወረቀቱን ከወጣቷ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ አሁን የሚያድሩበት ቦታ በሚለው ፊት የላውንደሪውን ስም ጻፈች። እንጀራዋን በገዛ እጇ የምትቆርጥ መሰላት። የቤተሰብ ብዛት በሚለው ላይ «ሁለት»፣ ዝምድና በሚለው ላይ «አማት» ብላ ፈረመች።

«የባለቤቱንም ስልክ» አለች ወጣቷ ቀስ ብላ። «ከሰዓት በኋላ ነው የምንደውለው። እስከዚያ...» አልጨረሰችውም። ወረቀቱን አጥፋ ወደ ቀጣዩ በር ሄደች።

ወደ ላውንደሪው መንገድ ጀመሩ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ፣ «ጅል ነሽ» አሉ አማቷ።

«ማን አስተማረኝ?»

«አፍሽም ረዝሟል!» አሉ፤ ግን ክንዷን ያዙ፤ ያለወትሮአቸውም ክብደታቸውን ሁሉ ጣሉባት።

ላውንደሪው በራፍ ላይ ተኳሿ ቆመች። በመስታወቱ ውስጥ ባለቤቱ ባንኮኒው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ስልካቸው ፊታቸው ተቀምጧል። ወደ ካውያዋ ሄዳ አንሶላዋን ብትተኩስ የሚከለክላት የለም። ምናልባት ጽሕፈት ቤቱ ዛሬ አይደውል ይሆናል። ምናልባት ደውሎም አያነሱት ይሆናል።

አማቷን እየደገፈች ገብታ፣ ደንበኞች በሚቀመጡበት ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ተሻላቸው?» አሉ ባለቤቱ።

«አልታመሙም፣ ጋሼ» አለች ተኳሿ። የውጭውን በር ዘጋችና ፊት ለፊታቸው ቆመች። «የት እንደምናድር ልንገርዎት።»