አሥራ አንደኛው ቴሴራ

በ1980 ዓ.ም. የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ የእግር ኳስ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ስምንት ቡድን፣ አራት ኳስ፣ አንድ ማኅተምና አንድ ጸሐፊ ነበረው። ጸሐፊው ተሻለ ይባላል፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ሸዋ ሮቢት የመጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ደመወዝ የሌለውን ይህን ሥራ ደመወዝ ከሚበላበት ሥራ አብልጦ ይወደው ነበር። የውጤት ሰንጠረዥ በማስመሪያ ሲያሰምር ያየው ሰው የአገር ድንበር የሚያካልል ይመስለዋል።

ደንቡን ያረቀቀው ራሱ ነው። ስምንት ቡድን ካልሞላ ዲቪዚዮኑ ይፈርሳል፤ አንደኛ የወጣውም ወደ ላይ አያልፍም። ቡድን ቡድን የሚባለው ደግሞ አሥራ አንድ ቴሴራ ሲያስመዘግብ ነው፤ ቴሴራ ፎቶ የተለጠፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት የተጫዋች መታወቂያ ነው። ጥር ላይ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ጀውሃዎች አሥር ቴሴራ ብቻ ይዘው ከች አሉ። ያለ ጀውሃ የሚቀረው ሰባት ቡድን ነው።

ተሻለ እንቅልፍ አጣ። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ጀውሃ ወረደና መንገድ ዳር ለሾፌሮች ምሳ የሚሸጡት እትዬ መሪማ ቤት ገባ። ባለፈ ባገደመ ቁጥር የሚበላው እዚያ ነበር፤ ኪሱ በሳሳ ጊዜ በዱቤ፣ አንዳንዴም በነፃ። የእትዬ መሪማ አንድ ልጅ ሷሊሕ ሃያ ዓመቱ ነው። ሽንኩርት ሲያጠጣ የሚውል፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ኳስ ወደሱ ስትመጣ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነበር።

«እትዬ መሪማ፣ እኔ የምፈልገው ስሙን ብቻ ነው» አለ ተሻለ። «መስመር ላይ ቆሞ አቤት ይበልልኝ። ከዚያ አንድ ጥግ ይዞ ይቁም።»

እትዬ መሪማ ሳቁ። «እሱ ኳስ ምኑም አይደል። ፊቱን ትመታብኛለች።»

«በኔ ይሁንብዎት።»

«እንግዲያው ኳሷ እንዳትመታው። አደራ፣ አስተማሪ።»

ሷሊሕ ፎቶ ተነሣ፤ ቴሴራው ላይ ማኅተም ተመታ። ስምንት ሞላ፣ ተሻለም ዳግመኛ እንቅልፍ ወሰደው።

የካቲት ሲገባ ሁለት የዘመቻ ምልመላ ሰዎች ቢሮው መጥተው የተጫዋቾቹን መዝገብ ጠየቁት። ባለፈው ዓመት ለዘመቻ ሰው ሲመለመል፣ በዲቪዚዮኑ የተመዘገበ ስፖርተኛ ይታለፍ ተብሎ ነበር። ተሻለ ዘንድሮም ያው መሰለው። ልጆቼን ላተርፍ ነው ብሎ በደስታ ሰጣቸው፤ እንዲያውም አዲሶቹ እንዳይዘነጉ ብሎ የጀውሃን ገጽ ከላይ አደረገው። ሞኝ ነበር፤ ሞኝነቱ ደግሞ ከደግነት የመጣ ስለሆነ በኋላ የሚያጽናናው አልተገኘም።

በዚያ አገር ደንብ ዳኛው ከጨዋታ በፊት ቡድኑን አሰልፎ ቴሴራውን እያየ ስም ይጠራል። የተጠራው «አቤት» ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይወጣል። መዝገቡ በተሰጠ በሳምንቱ እሁድ፣ በጀውሃ ሜዳ፣ ዳኛ ግርማ የጀውሃን ልጆች አንድ በአንድ ጠራ። አሥራ አንደኛው ሷሊሕ «አቤት» ብሎ ሲወጣ ከግራሮቹ ጀርባ አንድ ኦራል የጦር መኪና ሞተሩን አስነሣ። የሮጠም የተሯሯጠም አልነበረም፤ ተሰልፈው፣ ስማቸው ተጠርቶ፣ አንድ እርምጃ ወጥተው ቆመዋል። መኪናው ማሊያ እንደለበሱ ጭኗቸው ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦር ግንባር ሄደ።

 ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሻለ እትዬ መሪማ ቤት ገብቶ አልበላም።

በሁለተኛው ሳምንት ጀውሃ በሜዳዋ ከአጣዬ ትጫወታለች የሚል መርሐ ግብር ነበር። የሚጫወት የለም። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው፤ ዳኛው አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቆ፣ የቀሩትን ስም ጠርቶ፣ በያንዳንዱ ስም ፊት «አልተገኘም» ብሎ ከጻፈ በኋላ ነው ፎርፌ የሚሰጠው። እናቶቹ ሜዳው ዳር ተቀምጠዋል፤ ለምን እንደመጡ እነሱም አያውቁትም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ነፋስ የሚባል የለም።

ግርማ የመጀመሪያውን ስም ጠራ።

«አቤት።»

ድምፁ ልጆቹ ቆመውበት ከነበረው መስመር ነው የመጣው። መስመሩ ላይ ማንም የለም። አንዲት ጭብጥ የምታህል አቧራ ግን ከመሬት ብድግ ብላ ተመልሳ ተኛች፤ ልክ አንድ እርምጃ ወደ ፊት። የአጣዬው አምበል ኳሱን ጥሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ግርማ ሁለተኛውን ጠራ፣ ሦስተኛውን ጠራ፤ ሁለቱም አቤት አሉ። አራተኛው ደምመላሽ ነበር። ዝም። ሁለቴ ጠራው፤ አሁንም ዝም። ከዚያ የቀሩት ሁሉ መለሱ፤ በመጨረሻም ሷሊሕ፣ በዚያ በቀስታው ድምፅ።

«ልጄ ነው!» አሉ እትዬ መሪማ ከተቀመጡበት ተነሥተው። «ወላሂ ልጄ ነው! አልሐምዱሊላህ!»

ከዚያ ጥሪ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፈቃድ የወጣ አንድ ወታደር ከአውቶቡስ ወርዶ የደምመላሽን እናት የለምለምን ቤት ጠየቀ። ደምመላሽ የወደቀው ከዚያ እሁድ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው። ከዚህ በኋላ ለጀውሃ ሰው ማስረዳት አላስፈለገም።

ያን ጊዜ መርዶ በመንግሥት መንገድ አይመጣም። አንዷ እናት ዓመቱን ሙሉ ስንቅ ትልካለች፤ ልጇ ግን ከተቀበረ ቆይቷል። ስለዚህ ወሬው ከጀውሃ ወጥቶ ካራቆሬ፣ አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ሴቶች የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ በመሐረብ ጠቅልለው የተሻለ ቢሮ በር ላይ ተሰለፉ። «ለጀውሃ መዝግብልኝ፤ ስሙ ይጠራልኝ» ነው የሚሉት። ደንቡ ከአሥራ አንድ አይነስ ይላል እንጂ አይብለጥ አይልም። ምዝገባው ጥር ላይ ቢዘጋም ማኅተሙ በእጁ ነው፤ ተሻለ መዘገበ። በሚያዝያ ጀውሃ ስልሳ አራት ተጫዋች ነበራት፤ ከምዝገባ መዋጮው ብዛትም የዲቪዚዮኑ ባለጸጋ ቡድን ሆነች። አንድ ኳስ አልገዛችም።

ሦስት ፎርፌ ያለበት ቡድን ይሰረዛል የሚለውንም የጻፈው ተሻለ ነው። አሁን የገዛ ደንቡን መሸወድ ጀመረ። የጀውሃን ጨዋታ ሁሉ በጀውሃ ሜዳ አደረገው፤ በሪፖርቱ ላይም በፎርፌ ፈንታ «ተላልፏል» እያለ ይጽፋል። የሚያሳዝነው ነገር ስለ ዲቪዚዮኑ መጨነቁን ትቶ ነበር። እሁድ እሁድ ወደዚያ ሜዳ የሚሄደው አንድ ድምፅ ለመስማት ነው፤ እትዬ መሪማ ሰምተው ሲቀመጡ እሱም ለሳምንት ያህል ይተነፍሳል።

ሴቶቹ የራሳቸውን ሥርዓት አበጁ። ልጇ ያልመለሰላት እናት አታለቅስም፤ የሌሎቹ ጥሪ እንዳይረበሽ ዝም ብላ ተነሥታ ትወጣለች። ከግራሮቹ ወዲያ ስትደርስ ነው የምትጮኸው።

ግንቦት ላይ ከላይ ደብዳቤ መጣ። «ሳይጫወት የሚያስተላልፍ ቡድን እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተጫወተ ይሰረዝ፣ መዝገቡም ይመለስ» ይላል። የመጨረሻው እሁድ ሲደርስ ካራቆሬዎች አንመጣም አሉ። ግርማ ሜዳው ድረስ መጥቶ ፊሽካውንና ቴሴራዎቹን ተሻለ እጅ ላይ አስቀመጠ።

«ግርማ፣ ዛሬን ብቻ።»

«አልችልም፣ ተሻለ። የዳኘሁት ይበቃኛል» አለና ሄደ።

ተሻለ መስመሩ ፊት ቆሞ መጥራት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አቧራው ብድግ ይላል፣ ይተኛል። ከተጠሩት መካከል ዘጠኙ አልመለሱም፤ ዘጠኝ ሴቶች ተነሥተው ወጡ። የመጨረሻውን ቴሴራ ጠርቶ መዝገቡን ከደነ።

«አስተማሪ» አሉ እትዬ መሪማ። «አንድ ዘለልክ።»

እውነታቸውን ነው። አሥራ አንደኛውን ከአውራ ጣቱ ሥር ደብቆት ነበር። ባለፈው እሁድ ያ ድምፅ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ መስሎት ሳምንቱን በፍርሃት ነው ያሳለፈው።

«እትዬ መሪማ፣ ዛሬ ይቅርብን።»

«ጥራው።»

«ሷሊሕ!»

 ተሻለ መሬቱን፣ መሬቱን ብቻ አየ። አቧራው አልተነሣም። ደግሞ ጠራ፤ ስሙ በግማሽ ወጣ። አልተነሣም። ያኔ ተሻለ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ወደ ባዶው መስመር ገባ፤ ቀስ አድርጎ፣ የሷሊሕን አነጋገር አስመስሎ «አቤት» አለ። አንድ እርምጃም ወደ ፊት ወጣ።

ሴቶቹ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። እትዬ መሪማ ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደሱ መጡ። ወደ ግራሮቹ አልሄዱም፣ አልጮኹም። 

«በልጄ ስም አንድ ጊዜ ሰልፍ ሞልተሃል» አሉት። «ሁለተኛ አትሙላ። ጻፍ።»

ተሻለ እስክሪብቶውን ያዘ፤ እጁ ግን አልታዘዝ አለው። እሳቸው አንጓውን ይዘው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት፣ እስኪጨርስም አልለቀቁትም። በሷሊሕ ስም ፊት «አልተገኘም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ እትዬ መሪማ ቴሴራውን ከእጁ ወስደው የፎቶውን አቧራ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። በፎቶው ላይ ሷሊሕ ብልጭታውን ፈርቶ ዓይኑን ጨፍኗል።

«እኔኮ ያልኩህ ኳሷ እንዳትመታው ነበር» አሉት።