የዘገየችው ኳስ

ቴሌቪዥኑ የሞተው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የደንብ ልብስ ቁልፍ እየተከለች ዜና ስታዳምጥ፣ ስክሪኑ መሀል ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር ቀጥ ብሎ ወረደ። ቀና ብላ ሳትጨርስ ሁለተኛው ተከተለ፤ ከዚያ ሦስተኛው። በመጨረሻ ዜና አንባቢዋ ጠፍታ ድምፅዋ ብቻ ቀረ። የተጠራው ጠጋኝ ጀርባውን ከፍቶ አየና ተስፋ እንደቆረጠ ሐኪም ከንፈሩን መጠጠ። «ይሄን ከማሠራት አዲስ መግዛት ይሻላል፤ ነፍስ ይማር» አለ።

በሌላ ቤት ቢሆን አንድ ዕቃ ተበላሸ ይባልና ይታለፋል። እዚህ ቤት ግን የተዘጋው ልጅ የሚመጣበት በር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። የበኩር ልጁን ደጅ ጠንቶ ከድርጅቱ ጋራዥ አስገባው። ልጁ ግን ዓመት ሳይሞላው ለቀቀና ፀጉር ቤት ከፈተ። «መፍቻ ባስጨብጠው መቀስ ጨበጠ! የሰው ጭንቅላት ሊላጭ ነው ያስተማርኩት?» ብሎ አባት ጮኸ። ልጅም የማይመለስ ቃል መለሰ። ሰባት ወር ተኳረፉ። ሽማግሌ ገብቶ ያልሆነለትን፣ የመጨረሻዋ ልጃቸው ሚጡ ከመድኃኒት ቤት የሥራ ባልደረባዋ በርካሽ የገዛችው፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም ያገለገለ ጌም አደረገው። ወንድሟ ሊገጥምላት መጣ። አባት «እስቲ ምንድን ነው ይሄ» ብሎ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አነሳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ኳስ ይጫወታሉ። አይተያዩም፤ ዓይናቸው ከስክሪኑ አይነቀልም። «አግኝቼህ ነበር!»፣ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት በረኛ ነው!» ይባባላሉ፤ ጨዋታቸው ይኸው ነው። ለእናት ግን ይህችም ትልቅ ነገር ናት፤ ማሽኗን አቁማ ታዳምጣለች።

ቴሌቪዥኑ ከሞተ ወዲህ ሁለት ቅዳሜ አለፈ። በመጀመሪያው ልጁ «ሥራ በዝቶብኛል» ብሎ ደወለ። በሁለተኛው አልደወለም።

«አበቃ» አለች እናት ለራሷ። «በዚያው ይቀራል። እኔ ስሞት ለቀብር ይመጣል፤ ያኔም ከአባቱ ጋር ማዶ ለማዶ ይቆማሉ።» እንዲህ አሰበችና፣ ሐሙስ ጠዋት የጨርቅ ጠርዝ ለሚዘመዝም ኦቨርሎክ ማሽን ብላ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ከጨርቅ ሣጥኑ ሥር አወጣች።

ሚጡ ጌሙን በሻንጣ ይዛ ወደ ቴሌቪዥን ሱቅ ተከተለቻት።

«እሱን ደግሞ ለምን ተሸከምሽው? መንገድ ላይ ቢነጥቁሽስ?»

«እማዬ፣ ጫማ ሳትለኪ ትገዣለሽ?»

«ጫማ ማን ይነጥቃል!»

«የጎረቤታችንን ጫማ ከደጃፍ ወሰዱት ብለሽ ዓመት ሙሉ ጫማዬን አልጋ ሥር ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ።»

እናት ፍጥነቷን ጨመረች።

የሱቁ ግድግዳ በቴሌቪዥን ተሸፍኗል፤ በሁሉም ላይ ያው አንድ በቀቀን ክንፉን ይዘረጋል። ሻጩ ቅቤ አንጓች ነገር ነው። ገና ሳይቀመጡ ትልቅ ትልቁን ያሳያቸው ጀመር።

«አርባ ሦስት ኢንች ቤቴ አይገባም» አለች እናት። «በቁም ሣጥኑና በበሩ መካከል ያለውን ለክቻለሁ፤ አርባ ነው። ሠላሳ ሁለቱን አሳየኝ።»

«ሠላሳ ሁለት እኮ ለጌም ታንሳለች፣ እናቴ። ተጫዋቹ ጉንዳን ነው የሚያክልብዎት።»

እናት ከቦርሳዋ ሜትሯን መዘዘች። ያለ ሜትር ከቤት ወጥታ አታውቅም። አርባ ሦስት የተባለውን ታችኛውን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ዘርግታ ለካችና ቀና አለች። ሁለተኛ ለካች። ሌባ እጅ መግባቷን እርግጠኛ ሆነች።

«ይሄ ሠላሳ ስምንት ነው። አምስቷ ኢንች የት ሄደች?»

ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞሩ። ሻጩ ሳቁን ዋጠ። «እናቴ፣ ቴሌቪዥን የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ ነው። በሰያፍ።»

«በሰያፍ? እኔ ሰውን ከግራ ትከሻው እስከ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ለክቼ ሱሪ ልስፋለት?»

«እማዬ፣ እውነቱን ነው» አለች ሚጡ፣ ፊቷን በሻንጣው እየከለለች።

በሰያፍ ለካች፤ አርባ ሦስት ሞላ። አፈረች። እፍረቱ ግን አልቆየም፤ ሠላሳ ስምንት ከሆነ አርባው ውስጥ ይገባል፤ በግራም በቀኝም አንዳንድ ኢንች ይተርፋል።

አርባ ሦስት ኢንቾቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ርካሽ ነው፤ በቀቀኑ ላዩ ላይ እንደ አዲስ ሐር ያንጸባርቃል። ሁለተኛው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቀለሙ ደግሞ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። እናት ወደ ርካሹ ሄደች። ሚጡ ግን ጌሙን አውጥታ፣ ሻጩ «ኧረ ደንበኛ ቆሟል» እያለ፣ ኬብሉን ሰካች።

«እዪ» አለች። ቁልፉን ተጫነች። ተጫዋቹ መታ። «አየሽ? ዘገየ።»

«ምኑ ነው የዘገየው? ቀለሙ እንዲህ እያማረ!»

«ያዢውና አንቺ ምቺ።»

እናት ጆይስቲክ ይዛ አታውቅም። በአውራ ጣቷ ተጫነች። ኳሷ ሄደች፤ ግን ጣቷ ካረፈ በኋላ ነው የሄደችው። እንደገና ሞከረች፤ ያው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እግሯ ፔዳሉን ሲረግጥ መርፌው እዚያው ሲወርድ የኖረች ሴት ናት። ዓይኗ ያላየውን ሰውነቷ አወቀው።

«ከእጄ በኋላ ነው የሚመጣው» አለች።

«የዓይን ጥቅሻ እኮ ናት፣ እናቴ» አለ ሻጩ።

«መርፌ ጣት የሚበሳው በስንት ጥቅሻ መሰለህ?»

ቀልዱን ተናግራ ስትጨርስ ጆይስቲኩን ዝቅ አደረገችው። ባሏን ከመሪው ያወረደው ይኸው የዓይን ጥቅሻ ነበር። ድርጅቱ በፈተና ክፍል አስቀምጦት፣ ቀይ መብራት ሲበራ ፍሬን ርገጥ ተብሎ፣ ረገጠ፤ ግን ጥቂት ዘገየ። ጡረታ ወጣሁ ብሎ ነው ለሰው የነገረው፤ የፈተናውን ነገር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ይህን ቴሌቪዥን ቤቱ ብታስገባለት ዕቃው ዘገየ አይልም። እጄ ዘገየ ብሎ ይነሳል፤ ዳግመኛም አይቀመጥም። እሱ ካልተቀመጠ ልጁ ለማን ብሎ ይመጣል?

ሻጩ በሁለተኛው ላይ ጌሙን ገጠመና በሪሞቱ አንድ ነገር ነካካ፤ ቀለሙ ይባስ ፈዘዘ። «ይሄ የጌም ሞድ አለው። ያለ እሱ ይሄም ይዘገያል» አለ። እናት መታች፤ ኳሷ ከጣቷ ጋር አብራ ሄደች።

«እሱን አሽግልኝ» አለች። ኦቨርሎኩ ለከርሞ ቀረ። ከዚያ ግን መጠየቅ ጀመረች፦ መብረቅ ቢመታውስ? ድመት ብትጥለውስ? ሲጓጓዝ ቢሰነጠቅ ማን ይቀበላል?

«እናቴ፣ ቴሌቪዥን ነው የሚገዙት ወይስ ልጅ የሚድሩት?» አለ ሻጩ። የጌም ሞዱን ማብሪያ መንገድ ሦስት ጊዜ አስደገመችውና በደረሰኙ ጀርባ ጻፈችው።

ቅዳሜ ሚጡ ተረኛ ስለነበረች ሥራ ገባች፤ ለወንድሟ ግን ደውላ ነበር። መጣ። እጁ የፀጉር ሎሽን ይሸታል። አባቱን ከበሩ ላይ ሆኖ ሰላም አለ፤ አባትም ጋዜጣውን ሳያወርድ መለሰ። ልጁ ካርቶኑን ከፈተ፣ ቴሌቪዥኑን በቁም ሣጥኑና በበሩ መካከል አቆመ፣ ጌሙን ሰካ። እናት ማሽኗ ላይ ተቀምጣ፣ ቢወድቅስ እያለች ትንፋሿን ይዛ ነበር።

ሁለቱ ተቀመጡ፤ ጨዋታው ተጀመረ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አባት ሁለት ጎል ገባበት። ተከላካዩ ኳሷ ካለፈች በኋላ ይንሸራተታል፤ አጥቂው በረኛው ከደረሰ በኋላ ይመታል።

«አባዬ፣ ቲቪው ነው» አለ ልጁ። «እኔንም እየዘገየብኝ ነው።»

«አንተ ታገባለህ» አለ አባት። ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ ትራሱ ላይ አስቀመጠው። «ተው፣ አታባብለኝ። እጄ ነው። ከእንግዲህ ለኔ አይሆንም።»

ጉልበቱን ይዞ ሊነሳ ሲል እናት ቀድማው ተነሳች። የፈራችው ሁሉ ደርሶ ነበር፤ ሲደርስ ግን ፍርሃቷን ረሳችው።

«ቁጭ በል አንተ ሰውዬ! ማንም እንዳይንቀሳቀስ!»

ጆይስቲኩን ከትራሱ ላይ አነሳች፤ ተጫነች። ኳሷ ጠበቀቻትና ሄደች። «ይኸውላችሁ! ሱቅ ውስጥ የሞከርነው ለማሳያ የተሰቀለውን ነበር፤ ይሄ ከካርቶን የወጣ ነው፤ ሞዱን ማንም አልነካውም።» ደረሰኙን ከቦርሳዋ አወጣች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ሪሞቱን እንደ ትኩስ ካውያ ይዛ አንድ በአንድ እያነበበች ተጫነች። አንዴ ተሳስታ ድምፁን አጠፋችው። አንዴ ደግሞ ቋንቋው ወደማይታወቅ ነገር ተለወጠባትና «ወይኔ፣ አበላሸሁት!» ብላ ጮኸች። ልጇ እየሳቀ መለሰላት። በመጨረሻ ሜዳው ልክ እንደ ሱቁ ድንገት ፈዘዘ።

«በቃ፣ በራ። ምታ» አለች ባሏን።

አባት ሳይወድ በግዱ መታ። አቀበለ። መለሰ። ልጁን በሁለት ተከላካይ መካከል ጥሎት አለፈና አገባ። ልጁ ሆን ብሎ አልለቀቀለትም፤ የምር ተከላክሎ ነበር፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

«አባዬ! ከየት መጣህ?»

«ሠላሳ ዓመት በጠባብ መንገድ ነድቻለሁ፤ አንተ ልትዘጋብኝ!»

እናት ወደ ማሽኗ ተመለሰች፤ መርፌ ውስጥ ክር አስገባች። ጨዋታው ሦስት ለሦስት አለቀ። ስክሪኑ ላይ ውጤቱ ቆሞ ቀረ። ሌላ ጊዜ ልጁ እዚህ ላይ ነበር ጃኬቱን የሚያነሳው።

«ስማ» አለ አባት፣ አሁንም ስክሪኑን እያየ። «ቅዳሜ ገበያ የላችሁም?»

«አለ እንጂ። ቅዳሜ ነው ዋናው ገበያችን። ዘግቼ ነው የመጣሁት።»

«ዘግተህ?»

«በየሳምንቱ እዘጋለሁ።»

አባት ዞሮ ልጁን አየው፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ ፊት ለፊት። «ሠራተኛ በገበያ ቀን በሩን ዘግቶ ይወጣል? ደንበኛህ ሌላ ጋ ለምዶ ይቀርብሃል። ከእንግዲህ ቅዳሜ እንዳትመጣ።»

የእናት እግር ከፔዳሉ ላይ ወደቀ።

«እሑድ ና» አለ አባት። «ስትመጣም መቀስህን ያዝ። ይሄ ግንባሬ ላይ የወረደ ፀጉር ነው መሰለኝ ማየት የከለከለኝ።»

«እሑድ ጠዋት እመጣለሁ፣ አባዬ።»

«እሑድ ዝናብ ቢዘንብስ?» አለች እናት።

ሁለቱ ግን ሌላ ጨዋታ ጀምረው ነበር።