ሴበሯ ተዘጋጅታለች?

ወደ ብሮማ አየር ማረፊያ የሚወርድ አውሮፕላን በስዊድን፣ በሄሰልቢ ሰፈር ሰማይ ባለፈ ቁጥር ሻምበል ብርሃነ ሥላሴ ከአልጋው ይነሳና ጫማውን ይፈልጋል። ዘጠና ሞልቶታል። አእምሮው ከድቶታል፤ ሴበር የተባለችውን የድሮ የጦር ጄቱን ግን አልረሳም።

«ሴበሯ ተዘጋጅታለች?» ይላል።

ሚስቱ ተዋበች ይህን ጥያቄ እንደ ቁርስ ነው የምትጠብቀው። «ተከስክሳለች። አብራሪ ጓደኛህም አብሯት ነደደ» ትለዋለች። ውሸቷን ነው፤ ጓደኛው የሞተው አርጅቶ ነው። ሽማግሌው ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል፣ እሷ ሻይዋን ትጠጣለች። በማግስቱ ረስቶት ይጠይቃል፤ እሷም እንደ አዲስ ታረዳዋለች።

«እማማ፣ ኧረ አላህን ይፍሩ። ደመና ነው፣ በረራ የለም ቢሏቸውስ ምን አለበት?» አለቻት ሙፈሪሃት፣ ሄምሼንስት ከሚሉት የአረጋውያን የቤት ለቤት አገልግሎት እየመጣች ሻምበሉን የምታጥበው የወሎ ልጅ።

«አንቺ ደሞ ምን ታውቂያለሽ?»

እውነትም ምን ታውቃለች! ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ስለዚያች ጄት ሲለፈልፍ የሰማችው ተዋበች ናት። ክንፏ ወደ ኋላ ያዘመመ፣ አፍንጫዋ ላይ ስድስት መትረየስ የታጠቀች፣ ኮሪያ ላይ ከሚግ ጋር የተናነቀች፣ ቁልቁል ስትወረወር ድምፅን የምትቀድም። ኮንጎ ላይ ስዊድኖቹ «በርሜል» ከሚሏት ጄታቸው ጋር አብራ ዘምታለች እያለ ያገኘውን ስዊድናዊ ሁሉ ያደነቁር ነበር። ስለ ብርቅአየሁ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ብርቅአየሁ የበኩር ልጃቸው ነው። ደብረ ዘይት ሳሉ ሕፃኑ በትኩሳት ሲነድ፣ አባት ተብዬው «ሐኪም ቤት ከሰዓት እንወስደዋለን» ብሎ ለሰልፍ ትርዒት ሴበሩን አስነስቶ ሄደ። ጄቷ በጣሪያቸው ላይ እያገሳች ስታልፍ የልጁ ነፍስ እናቱ እቅፍ ውስጥ ወጣች። ከስልሳ ዓመት በላይ ተዋበች የጠበቀችው አንድ ነገር ነው፦ አንዴ እንኳ «ልጄስ?» እንዲል።

ባለፈው ሐሙስ አውሮፕላን አለፈ። ሻምበሉ ተነስቶ ኮቱን ለበሰ።

«ዛሬ አልበርም፣ ሌላ ሰው ያብራት» አለ። «ብርቅአየሁ እንዴት አደረ? ስጪኝ፣ ሐኪም ቤት ልውሰደው።» እጆቹን ዘረጋ።

ተዋበች ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ይህንን ነበር። ምላሷ ግን የለመደውን አደረገ።

«ሞቷል። የገደልከው አንተ ነህ።»

አላለቀሰም። ሙፈሪሃት መጥታ ኮቱን እስክታወልቅለት ድረስ እጆቹን እንደዘረጋ ቆሞ ነበር።

በማግስቱ ሌላ አውሮፕላን አለፈ።

«ሴበሯ ተዘጋጅታለች?»

ተዋበች ሻይዋን አስቀምጣ ተንበረከከች፣ ጫማውን አጠለቀችለት። «ተዘጋጅታለች። ግን ስለ ልጁ ጠይቀኝ። እንደ ትናንቱ ጠይቀኝ፣ ደህና ነው እልሃለሁ።»

ሻምበሉ ግራ ገብቶት አያት።

«የትኛው ልጅ?» አላት።